የት ላይ ያርራል? ፕሮጀክትንና የሚወዱትን ምግብ በአንድ ስብሰባ ያካፈለ የምርምር ቡድን፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ቡድኑ 11 አባላት አሉት፦ አንድ ዋና ተመራማሪ፣ ሁለት የድህረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች፣ አምስት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎችና አንዲት የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን። የሚያጠኑት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ነው። ግማሾቹ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ናሙና ሲያጥቡና ዲኤንኤ ሲያወጡ ይውላሉ፤ የቀሩት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የዘረመል ቅደም ተከተል ይተነትናሉ። አብዛኞቹ አንድ ኮሪደር ላይ ቢሆኑም አንዱ ስለሌላው ሥራ የሚያውቀው ከርዕሱ አያልፍም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ አጋጣሚ ነው። ሁለት ተማሪዎች የቅደም ተከተል ፋይሎችን የሚያጸዳ ተመሳሳይ ፕሮግራም ለየብቻቸው ጽፈዋል። ሁለቱም ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል፤ መደራረቡ የታወቀውም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ቡድኑ ቋሚ ስብሰባ አልነበረውም ማለት አይደለም። ነበረው፤ ግን የሚቀርብበት ያለቀለትና ያማረ ውጤት ብቻ ነበር። ገና በመሠራት ላይ ያለ ወይም እምቢ ያለ ሥራ የሚነገርበት ቦታ አልነበረም።

ዋናው ተመራማሪ መፍትሔ ይሆናል ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ተራ የደረሳቸው ሰዎች ፕሮጀክታቸውን ያቀርባሉ፤ አብረውም የሚወዱትን ምግብ ሠርተው ያመጣሉ። ሐሳቡ እንዲያው የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ጥናት አብረው የሚበሉ ቡድኖች የሥራ አፈጻጸማቸውም የተሻለ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ጥናቱ የሚያሳየው ዝምድናን ነው፤ መብላቱ ነው ያሻሻላቸው ለማለት አያስችልም። ለሙከራ ግን በቂ ምክንያት ነበር።

የመጀመሪያው አካሄድና የገጠመው ችግር

በመጀመሪያው ዝግጅት በአንድ ስብሰባ አራት ሰው እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያቀርባል፤ ምግቡ መጨረሻ ላይ ይበላል። አቅራቢዎቹ 20 እና 30 ስላይድ ይዘው መጡ። ሰዓቱ አለፈ። ምግቡ ጥግ ላይ ተቀምጦ እየሸተተ ሰው ሐሳቡ ወደዚያው ሄደ፤ ጥያቄ የሚጠይቁትም እንደ ቀድሞው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ምግቡ ሲቀርብ ደግሞ ወሬው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ፕሮጀክቱና ምግቡ በአንድ ክፍል ውስጥ የተደረጉ ሁለት የማይተዋወቁ ጉዳዮች ሆኑ።

ይህ ሁሉ በቅርጽ ማሻሻያ የሚስተካከል ነበር። ስብሰባውን ያስቆመው በሦስተኛው ጊዜ የሆነው ነው።

በዕለቱ የሻይ ክፍሉ ፍሪጅ ሞልቶ ነበር። አንድ አባል እርጎ ያለበትን ምግብ በክዳን ከድኖ ጠዋት የናሙና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠው። ቴክኒሻኗ ከአፈር ናሙናዎቹና ከኬሚካል ጠርሙሶቹ መካከል አግኝታ ጣለችው። አባሉ ቅር ቢለውም ትክክለኛው ውሳኔ መጣሉ ነበር፤ ክዳኑ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ሁለተኛው የከፋ ነበር። ከቀረቡት አንዱ የተጠበሰ አትክልት ሲሆን ማባያው ተፈጭቶ የለሰለሰ ሰሊጥ ነበረበት። የሰሊጥ አለርጂ ያለባት ተማሪ ሳህኑ ላይ የሰሊጥ ፍሬ ስላላየች በላች። በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሯ አበጠ፤ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ድምፅዋ ሻከረ። ቦርሳዋ ውስጥ ለከባድ አለርጂ የሚወጋ የኤፒኔፍሪን መርፌ ነበራት፤ ጭኗ ላይ በውጭ በኩል ተወጋች፤ አምቡላንስ ተጠርቶ ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ለክትትል ቆይታ ደህና ሆና ተመለሰች። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት መርፌው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንዱ አባል ደግሞ የአለርጂ ክኒን ትውሰድና እንጠብቅ ብሎ ነበር። ይህ አደገኛ ምክር ነው። ፀረ ሂስታሚን ክኒን ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የመተንፈሻ ቧንቧ ማበጥን አያቆምም። መቅደም ያለበት ኤፒኔፍሪን ነው፤ ከዚያ እግሯን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ መተንፈስ ከከበዳት ማስቀመጥ፣ አስነስቶ እንድትራመድ አለማድረግ። ካልተሻላት ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ሊመለስ ስለሚችል ተሻለኝ ብሎ ወደ ቤት መሄድም ተገቢ አይደለም።

ስብሰባው ለአንድ ወር ቆመ። ሁለት አባላትና ቴክኒሻኗ ያለፉትን ሦስት ዝግጅቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲገመግሙ ተመደቡ። በግምገማው ማንም ያላስተዋለው ሌላ ነገር ተገኘ። በሁለተኛው ስብሰባ የቀረበው ሩዝ ማታ ተቀቅሎ፣ ድስቱ ውስጥ እንዳለ አድሮ፣ ጠዋት ቢሮ መጥቶ፣ ቀትር ላይ በማይክሮዌቭ ሞቆ ነው የተበላው። ማንም አልታመመም። ግን ለመታመም የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ምግብና ላብን መለየት። የመጀመሪያው ደንብ ድርድር የለውም፦ ምግብ ላብ አይገባም፣ የላብ ዕቃም ምግብ አይነካም። የናሙና ፍሪጅ በር ላይ «ምግብ አይገባበትም»፣ የሻይ ክፍሉ ፍሪጅ ላይ «ምግብ ብቻ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ። አጋሮዝ (ለዲኤንኤ ምርመራ የሚሆን ጄል መሥሪያ) የሚቀልጥበት ማይክሮዌቭ ምግብ አያሞቅም። ከላቡ ማሽን የወጣ በረዶ መጠጥ ውስጥ አይገባም። ኬሚካል መደርደሪያ ላይ ያለ ስኳርና ጨው ንጹሕ ቢመስልም ወጥ ቤት አይሄድም፤ ሰው የተጠቀመበት ማንኪያ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና። ከላብ የሚመጣ ሰው ጓንቱንና ጋዋኑን እዚያው ትቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ወደ ስብሰባ የሚገባው።

ይህን የማጋነን አድርገው የሚያዩ ተማሪዎች ነበሩ። መልሱ ሳካሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአይራ ሬምሰን ላብ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚገኙ ውህዶች ላይ ሲሠራ ውሎ እጁን ሳይታጠብ ራት ቀረበ፤ ዳቦው እንደ ስኳር ጣፈጠው። ሌላው ማጣፈጫ አስፓርቴም እ.ኤ.አ. በ1965 የታወቀው ጄምስ ሽላተር ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ሲልስ ነው። ሁለቱ የሚነገሩት እንደ መልካም ዕድል ነው። የሚያስረዱት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ላብ ውስጥ የተነካ ነገር ሳይታይ እስከ አፍ ይደርሳል፤ በዚያ ቀን የደረሰው መርዝ አለመሆኑ ብቻ ነው የተለየው።

የምግብ ካርድ። ማንኛውም ምግብ ፊት ለፊቱ ካርድ ይቆምለታል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው የምግቡ ስም ብቻ አይደለም፤ የገባው ሁሉ ነው፦ ዘይቱ፣ ማባያው፣ ቅመሙ፣ ከላይ የተነሰነሰው፣ ታሽጎ የተገዛ ነገር ካለም ማሸጊያው ራሱ። ቡድኑ መመዘኛ ያደረገው የአውሮፓ ኅብረት እንዲገለጹ የሚያስገድዳቸውን 14 የአለርጂ ምንጮች ነው፦ ግሉተን ያላቸው እህሎች፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት፣ ሞለስኮች፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ሴለሪ፣ ግብጦ እና ሰልፋይት። ሰሊጥ በአሜሪካ ሕግ ከዋነኞቹ አለርጂዎች ተራ ገብቶ ግዴታው የጸናው እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጣ የቆየ ዝርዝር ቀድቶ መጠቀም በትክክል ይህንኑ ቡድን የጎዳውን ነገር ያስቀራል።

ካርድ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ጭልፋ ከሁለት ሳህን ከተቀዳ ካርዱ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳህን የራሱ መቅጃ አለው፤ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ከሁሉ በፊት ይቀዳሉ፤ አለርጂ የሚያስነሳው ምግብ ደግሞ ጠረጴዛው ዳር ለብቻው ይቀመጣል። እጅ ማጽጃ ጄል ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒን ፕሮቲን ከእጅ አያነሳም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያነሳው። አለርጂ ያለበት ሰው ፈቃደኛ ከሆነ መርፌው የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያውቃሉ፤ የመለማመጃ መርፌ ቀርቦም ሁሉም አንድ ጊዜ ሞክረውታል።

ሙቀትና ሰዓት። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሩ (በጠንካራ ሽፋን ተሸፍኖ የሚያንቀላፋበት ቅርጹ) መቀቀልን ይቋቋማል። ሩዙ ድስት ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ስፖሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ የሚያስመልስ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። «አሙቄዋለሁ» የሚለው መልስ ለሩዝ የማይሠራው ለዚህ ነው። ደንቡም እንዲህ ሆነ፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ቀዝቃዛ ከ5 በታች ይቆያል፤ በመካከሉ የሚያሳልፈው ጊዜ ተደምሮ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ አንድ ሰዓት። ማታ የተሠራ ምግብ ጥልቅ ድስት ውስጥ አያድርም፤ በስስ ተዘርግቶ በፍጥነት ይቀዘቅዝና ፍሪጅ ይገባል። ሲሞቅ መሐሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፤ ማይክሮዌቭ ዳርና መሐሉን እኩል ስለማያሞቅ በየመሐሉ ይማሰላል፤ መለኪያውም የሚወጋው መሐሉ ላይ ነው። በመንገድ ላይ ያለፈው ጊዜም ከሁለቱ ሰዓት ይቆጠራል። አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

የአቀራረቡ ቅርጽ። በአንድ ስብሰባ አራት አቅራቢ የነበረው ሁለት ሆነ። ጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ስለ ምግባቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራሉ፤ 18 ደቂቃ ይበላል፤ ሳህን ይነሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ፕሮጀክት 6 ደቂቃ ይቀርብና 12 ደቂቃ ይወያዩበታል። ስላይድ የለም፤ የሚፈቀደው አንድ ገጽ ነው። ስለ ምግቡም ስለ ፕሮጀክቱም የሚመለሱት ጥያቄዎች አንድ ናቸው፦ ምን ይገባበታል? በምን ቅደም ተከተል ይሠራል? የት ላይ ያርራል? ከዚህ ክፍል ሰው ምን ትፈልጋለህ?

የሠራው

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ በለጠ። ሰው ድስቱ ያረረበትን ቀን ሳያፍር ይናገራል፤ ሙከራው ያረረበትን ግን ይደብቃል። የመጀመሪያውን በተናገረበት አፍ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን ሲጠየቅ መሸሽ ይከብደዋል።

ምሳሌው ይህ ነው። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ሩዝ በአትክልት አመጣችና አሠራሩን ስታስረዳ፣ ክዳኑ ደጋግሞ ሲከፈት እንፋሎቱ እንደሚያመልጥ፣ ውሃው ሩዙ ሳይበስል እንደሚያልቅ፣ ከላይ ጥሬ መሆኑን ያየ ሰው ደግሞ እሳት ስለሚጨምር ከሥር ጭራሽ እንደሚያር ተናገረች። መፍትሔው እሳቱን መቀነስና ክዳኑን መተው ነው አለች። ፕሮጀክቷ ላይ ሲደረስ ከአፈር ያወጣችው ዲኤንኤ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) ላይ አልባዛም ብሏት ስድስት ሳምንት መቆየቷን ገለጸች። ውጤት ባጣች ቁጥር የዲኤንኤውን መጠን ትጨምር ነበር።

ቴክኒሻኗ የፈሳሹን ቀለም ጠየቀቻት። ቡናማ ነው። የንጽሕናው መለኪያ፣ ማለትም የ260 እና የ230 ናኖሜትር የብርሃን ንባብ ጥምርታ፣ ስንት ነው? ንጹሕ ዲኤንኤ 2 አካባቢ ሲሆን የእሷ ከ1 በታች ነበር። «እሳት እየጨመርሽ ነዋ» አለቻት።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ወዲያው ገባው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትም ጭምር። አፈር ውስጥ ያለው ሁሚክ አሲድ ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ይከለክላል። ናሙና ሲጨመር ከልካዩም አብሮ ይጨመራል። የተሰጣት ምክር ሦስት ነበር። ናሙናውን 10 እጥፍና 100 እጥፍ አቅጥኖ ጎን ለጎን መሞከር። ቅልቅሉ ላይ ከልካዩን የሚይዝ ቦቫይን ሴረም አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን መጨመር። በተጨማሪም የታወቀ ዲኤንኤ ለብቻውና ከናሙናው ጋር ቀላቅሎ ማስኬድ፤ ለብቻው ተባዝቶ ከናሙናው ጋር ካልተባዛ ጥፋቱ የከልካዩ ነው። በማግስቱ 10 እጥፍ የቀጠነው ናሙና ላይ ባንዱ (ዲኤንኤው መባዛቱን የሚያሳየው መስመር) ታየ፤ ያልቀጠነው ላይ ምንም አልነበረም። ዕውቀቱ ከመጀመሪያውም አምስት ሜትር ርቀት ላይ ነበር፤ የጎደለው ጥያቄው የሚወጣበት በር ነው።

ሌላው የሠራ ነገር የዋናው ተመራማሪ ድርሻ ነው። በአዲሱ ቅርጽ የመጀመሪያውን ተራ ራሳቸው ወሰዱ፤ ውድቅ የተደረገባቸውን የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር አቀረቡ። በውይይት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ እንዲናገሩ ተወሰነ። እሳቸው ቀድመው ሲናገሩ ተማሪዎቹ አስተያየታቸውን ወደ እሳቸው አዝማሚያ ያስተካክሉ ነበር። ይህ ለብዙ ቡድኖች ከምግቡም በላይ ለውጥ ያመጣል ብለን እናምናለን።

መደራረቡን የፈታው ቀለል ያለ ነገር ነው። ከስብሰባው በኋላ አቅራቢው ሦስት መስመር ብቻ የጋራ ፋይል ላይ ይጽፋል፦ አሁን የምሠራው፣ የያዘኝ ችግር፣ ሌላው ሊወስደው የሚችለው ነገር። ረጅም ቃለ ጉባኤ ተሞክሮ ነበር፤ የሚያነበው ስላልተገኘ ቀረ።

ያልሠራው

የምርጥ ምግብ ምርጫ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ቆመ። ድምፅ መስጠት ሲመጣ ሰው የሚወደውን ሳይሆን የሚያሸንፍለትን ማምጣት ጀመረ፤ አንዱ ተማሪ እንዲያውም ፕሮጀክቱን ሳይዘጋጅ ሌሊቱን ሲጋግር አደረ።

ሁሉም ራሱ ሠርቶ ያምጣ የሚለው ደንብም ፍትሐዊ አልነበረም። ማድቤት የሌለው አለ፤ ገንዘቡ የማይበቃው አለ፤ ተራ ሳይደርሳቸው እንኳ ሳህን የሚያጥቡትና የሚያሰናዱት ደግሞ ደጋግመው ሴቶቹ ሆነው ተገኙ። ደንቡ ተለወጠ። የሚበላ ነገር ማምጣት ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ ፍራፍሬ ማምጣት ወይም ስለ ምግቡ በቃል ብቻ መናገር ይቻላል። ወጪው ከቡድኑ የጋራ ገንዘብ ይሸፈናል። ማሰናዳትና ማጽዳት በስም ዝርዝር ተራ ይዞራል፤ ዋናው ተመራማሪም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በእምነት ምክንያት በዕለቱ የማይበሉ ሰዎች ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ አይጠየቁም። ቀኑ አስቀድሞ ከተነገረ ስብሰባው ይዛወራል፤ ካልሆነ ምግቡ ይቀርና ንግግሩ ይቀጥላል።

እየበሉ ማቅረብም ተሞክሯል፤ ጊዜ የሚቆጥብ መስሎ ነበር። የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ዝግ ብሎ የሚናገርን ሰው ይውጠዋል፤ በሁለተኛ ቋንቋው ለሚያዳምጥ ደግሞ ይብሳል። 18 ደቂቃው ለብቻው የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ሌላ ቡድን ሊጀምር ሲል

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አለርጂና የማይበላ ነገር በግል ይጠየቅ፤ ሰው ሁሉ ፊት እጅ አውጡ አይባልም። ጤና የግል ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ካርዱ ግን ለሁሉም ይታያል። ካርዱ በትክክል ከተሞላ ማንም ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር መምረጥ ይችላል።

የፍሪጅ ቦታም አስቀድሞ ይታይ። ያ እርጎ ናሙና ፍሪጅ የገባው አባሉ ደንብ ስለናቀ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ቦታ ሳያዘጋጁ ደንብ መለጠፍ ብቻውን አይሠራም። የበረዶ ማቀዝቀዣ ሳጥንና አንድ የምግብ ቴርሞሜትር ካለ አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

አራቱን ጥያቄዎች ሳይለውጡ መውሰድ ይቻላል፤ ላብ ለሌለው ቡድንም ይሠራሉ። ምግቡ ቢቀር እንኳ «የት ላይ ያርራል?» የሚለው ይቆይ። ስለ ምግብ የሚጠየቀው ግን ከፕሮጀክቱ በፊት ይሁን። ቡድኑ ቅደም ተከተሉን አንድ ጊዜ ገልብጦ ሞክሯል፤ በዚያ ቀን ሁለቱም አቅራቢዎች ፕሮጀክታቸው ላይ ምንም ችግር እንደሌለ ተናገሩ።

ገና ያልተፈታው በርቀት የሚሳተፈው የድህረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነገር ነው። ያለበት አገር ሰዓት የተለየ ነው፤ ሌሎቹ ሲበሉ እሱ ማያ ገጽ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የምግብ ፎቶ መላክ ተሞክሮ ብዙም አልረዳም። አሁን እየተሞከረ ያለው አቅራቢው የምግቡን አሠራር ከነመጠኑ ከሦስት ቀን በፊት እንዲልክለትና እሱም እዚያው ባለበት እንዲሠራው ነው። ባለፈው ጊዜ የእሱ ከሥር አርሮ ነበር፤ ውይይቱም የተጀመረው የሁለቱ ድስት ለምን እንደተለያየ በመጠየቅ ነው።